ማር እስኪቆረጥ

አንድ ሰው ነበረ። ንብ አርቢ ነበረ። በአገሩ የንብን ጠባይ እንደ እሱ የሚያውቅ አልነበረም።

ይህን የምነግርህ ስለጠየቅኸኝ ነው። «ሚስቴ ተለውጣብኛለች፣ እንቅልፍ የላትም፣ ሌሊት በር ትከፍታለች፣ ትቆጣለች፣ ታለቅሳለች፣ ጠባይዋ እስኪመለስ ወደ ወላጆቿ ልስደዳት ወይ?» ብለኸኛል። ለቅዳሜም አህያ ተውሰሃል። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ብዙ ቃልም የለኝም። የዚያን ሰው ነገር ልንገርህ፤ ከዚያ ራስህ ትመልሰዋለህ።

ሰውየው ቀፎዎቹን የሚያኖረው ከቤቱ ክዳን ጠርዝ ሥር፣ ከግድግዳው ጋር አስጠግቶ ነበር። አሥራ አንድ ነበሩ። የዚያ አገር ልማድ እንዲያ ነው፤ ንብ ከሰው ጋር በአንድ ጣራ ታድራለች። ስለዚህም ሕግ አለው። ቀፎ ባለበት ቤት ሰው አይጮህም። ተጣልቶ የመጣ ሰው ቁጣው እስኪበርድለት ከአጥር ውጭ ይቆያል። ሰው ሲሞት እንኳ ሴቶቹ ሙሾውን ከግቢ ወጥተው ነው የሚያወርዱት። ንብ ጠብ ካለበት ቤት አታድርም ይላሉ። አባቱ ይህን ነግሮት ሞተ፤ የአባቱም አባት እንዲሁ። ሰውየው ሕጉን አጥብቆ ያዘ። ድምፁ ዝግ ያለ፣ እጁ የረጋ ሰው ነበረ። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን ያዝልኝ። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ባልከበደኝ።

ሚስቱ አንጓች ትባል ነበር። ሠላሳ ዓመት አብረው ኖረዋል። አምስት ወልደው አንዱን ቀብረዋል፣ አራቱን ድረዋል። ሳቂታ ሴት ነበረች። ወንዝ ወርዳ ስትስቅ ላይኛው መንደር ይሰማል። ባልየው አንዳንዴ ዝም በይ ሊላት ያስብና፣ ሳቅ ለንብ አይከፋም ብሎ ይተወዋል።

አርባ ስምንት ዓመት ሲሞላት የወር ልማዷ ተዛባ። አንድ ወር ይመጣል፣ ሁለት ወር ይቀራል። ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ዕድሜ ያደላት ሴት ሁሉ የምትደርስበት ነው። ከእሱ ጋር ግን ሌላ ነገር ተከትሎ መጣ፤ ለዚያ ስሙን የነገራት ሰው አልነበረም። እንቅልፏ ሸሸ። ከደረቷ እሳት ይነሳና ፊቷን ያለብሰዋል፤ ላብ በላብ ትሆናለች፤ ወዲያው ደግሞ ይበርዳታል። ልቧ ያለ ምክንያት ይደልቃል። ወጡ ላይ ሁለት ጊዜ ጨው ትጨምራለች። አንድ ቀን የጥጃውን ጋጣ ከፍታ ረስታ፣ ጥጃው እናቱን ጠብቶ ጨርሶ ሲገኝ፣ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ለወተት ይለቀሳል ወይ ብሎ ጠየቃት። ለወተቱ አይደለም አለችው። ለምን እንደሆነ ግን መናገር አቃታት፤ እሷም አታውቀውም።

ሰውየው መጀመሪያ ታገሠ። ትዕግሥት ያውቃል። ኋላ ትዕግሥቱ ዝምታ ሆነ፤ ዝምታውም ፊት ማዞር ሆነ።

የማኅበር ተራ ደርሶት በደገሰ ቀን ጎረቤቶቹ ጠላ ይዘው ሲጫወቱ፣ አንዱ «ለመሆኑ ከዚህ ቤት ተናዳፊው የትኛው ነው?» አለው። እሱም «ንቦቹንስ ጭስ ይመልሳቸዋል» አለ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። አንጓች ጓዳ ሆና ጠላ እየቀዳች ነበር። ማሰሮውን አስቀምጣ በጓሮ በኩል ወጣች። ሰውየው ስትወጣ አያት። የተናገረው ግን ተናግሮታል።

የዚያ ዓመት ሚያዝያ ሙቀቱ የከፋ ሆነ። ንቦቹ ከውስጥ መቀመጥ አቃታቸው። እየወጡ ከቀፎው አፍ ላይ እንደ ጢም ተንጠለጠሉ። ይህን አይቶ የማያውቅ ሰው ሊኮበልሉ ነው ብሎ ይደነግጣል። ሰውየው አይደነግጥም። ንብ እንዲያ የምትወጣው ቤቷን ጠልታ አይደለም፤ ሞቋት ነው። በጭስ ወደ ውስጥ የመለሳት እንደሆነ ማሩና ሰፈፉ ይቀልጥና እላይዋ ላይ ይወርድባታል። ስለዚህ ቅጠል ቆርጦ ጥላ ሠራላቸው። በገበታ ውሃ አኖረላቸው፤ እንዳይሰጥሙበትም ስንጥር አንሳፈፈበት። ጧትና ማታ ውሃውን ይለውጣል። ከዚያ ራቅ ብሎ ይቀመጥና ይጠብቃቸዋል። ሲበርድላቸው በራሳቸው ጊዜ ይገባሉ።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ የንቦቹን ውሃ ለውጦ ሲመለስ፣ አንጓች በርጩማ ይዛ ደጃፉ ላይ ቆማ አገኛት።

«ትንሽ አብረኸኝ ተቀመጥ» አለችው። «ምንም አትበለኝ። መላም አትፈልግልኝ። ቀኑ መሸት ሲል ፍርሃት ይይዘኛል፤ ምን እንደምፈራ አላውቀውም። ተቀመጥ ብቻ።»

ሰውየው ግራ ገባው። አፈረም፤ ሰዓቱ ከገበያ የሚመለስ ሰው የሚያልፍበት ነው። በቀልድ ሊያልፈው ፈለገ።

«ምነው አንጓች፣ በስተርጅና ሙሽርነት አማረሽ?» አለና ጎንበስ ብሎ ገባ።

እሷም በርጩማውን አንስታ ተከትላው ገባች። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችውም። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ሁለት ጊዜ አይለምንም፣ ልጄ።

ሌሊት ሲሞቃት ግን በሩን ከፍታ መውጣት ጀመረች። ጅብ አለ አላት። ሌባ አለ አላት። በጨለማ ደጅ የምትቆም ሴት ምን እንደምትባልም ነገራት። አልሆን ሲለው በሩን በመወርወሪያ ዘጋና፣ ከመደቡ ወርዶ ከበሩ ሥር አጎዛ አንጥፎ ተኛ። ለእሷው ብሎ እንደሆነ ነገራት፤ እሱም ያምነው ነበር። እሷ ጉንጯን ከቀዝቃዛው የጭቃ ግድግዳ ላይ ለጥፋ ታነጋለች። ከግድግዳው ማዶ ንቦቹ በክንፋቸው ቀፏቸውን ሲያራግቡ ይሰማል። እሱም ይሰማዋል። ንቦቹ ዛሬም አልበረደላቸውም እያለ፣ ስለ ንቦቹ እያሰበ እንቅልፍ ይወስደዋል።

ጠበልም ወስዷታል። ጠበሉ ደግ ነበር፤ ሲወርድባት ያሳርፋት ነበር። ሰባት ቀን ተጠምቃ ስትመለስ ግን በሩ ያው በር ነው፤ መወርወሪያውም ያው።

ነሐሴ ሲያልቅ ነገሩ ገነፈለ። ሰውየው አዲስ ቀፎ በእበት እየለሰነ ነበር። አንጓች ውሃ ቀድታ መጥታ አንድ ነገር ትነግረዋለች፤ አይመልስላትም። ደግማ ትነግረዋለች፤ አይመልስላትም። በጀርባዋ ያዘለችውን እንስራ አወረደችና ከግድግዳው ጋር አላተመችው። ጮኸችም። በሠላሳ ዓመት ከዚያ ክዳን ሥር እንዲያ የጮኸ ሰው የለም። «ስማኝ» ነበር ያለችው፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ንቦቹ ተረበሹ። ከሦስት ቀፎ ወጥተው ግቢውን ሞሉት። አንጓች በእንስራው ገል መካከል ቆማ ቀረች። ሰውየው እበት የነካ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ሮጠ።

ወደ ንቦቹ ነው የሮጠ።

አደይ አበባ ሊፈነዳ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ንብ የከፋት እንደሆነ የምትኮበልለው ያኔ ነው፤ አበባው ሁሉ ቦታ አለ፣ የትም ብትሄድ አትራብም። ንቦቹ ከሄዱ ቤቱ ምን ይሆናል፤ የአባቱስ ሕግ? ሦስት ቀን አወጣ አወረደ። በጳጉሜ አህያውን ጭኖ ልብሷን፣ ቁርበቷንና እንዝርቷን አሰረላት። የወንድሟ አገር የግማሽ ቀን መንገድ ነው።

«ማሩ እስኪቆረጥ ወንድምሽ ዘንድ ቆዪ» አላት። «ኅዳር ላይ እመጣልሻለሁ።»

«ለእኔ ነው ወይስ ለንቦቹ?»

«ለሁላችንም ነው» አለ።

አንጓች ራሷን ነቀነቀች። ከመሄዷ በፊት ዞራ የንቦቹን ገበታ አየች፤ ውሃው ጎድሎ ነበርና ሞላችው። ከዚያ አህያውን የሚመልስ የጎረቤት ልጅ አስከትላ ነዳች። አላለቀሰችም። ስታለቅስ የሰነበተች ሴት ያን ቀን አለማልቀሷን ሰውየው እንደ ደግ ምልክት ቆጠረው።

ያን ማታ መደቡ ላይ ተኛ። ቤቱ ጸጥ አለ፤ እሱም እፎይ አለ። ያን እፎይታ ኋላ ዘመኑን ሁሉ ሲያስታውሰው ኖረ።

በወንድሟ ቤት የሆነውን የሰማው ዘግይቶ ነው። የወንድሟ ሚስት አፏ የተሳለ፣ ልቧ ግን ሰፊ ሴት ነበረች። አንጓችን ሁለት ቀን አየቻትና፣ «እቴ፣ አንቺን አብደሻል ያለሽ ማነው? እኔ ራሴ ሦስት ዓመት እንዲሁ ስቃጠል ከርሜያለሁ። ያን ጊዜ ይህ ወንድምሽ ከእኔ ጋር ደጅ እየተቀመጠ ጉንፋን ይዞት ነበር» አለቻት። አንጓች ከስንት ወር በኋላ ሳቀች ይባላል። ከዚያ እጇን ይዛ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። እዚያ ያለችው ነርስ ወጣት ናት፤ በዕድሜ ልጇ ትሆናለች። ስለ ልማዷ ጠየቀቻት፣ ስለ እንቅልፏ ጠየቀቻት። በመጨረሻም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ሞት ተመኝተሽ ታውቂያለሽ ወይ አለቻት። አንጓች አዎ አለች። ግድግዳው ላይ ጉንጯን ለጥፋ ስታነጋ፣ ስንት ሌሊት።

ሠላሳ ዓመት በአንድ ገበታ የበላ ሰው ያልጠየቀውን፣ አንዲት ልጅ በአንድ ጧት ጠየቀችው።

ነርሷ የሚሆነውን ሁሉ አስረዳቻት። የወር ልማድ ሊቆም ሲል ሰውነት ይናወጣል፤ ሙቀቱም፣ እንቅልፍ ማጣቱም፣ መርሳቱም፣ ሆድ መባሱም ከዚያ ይመጣል። እብደት አይደለም፤ ቁጣም አይደለም። ጊዜውን ጠብቆ ይቀልላል፤ እስከዚያው ግን ብቻሽን መሸከም የለብሽም አለቻት። የሐዘኑን ክብደት ለሚያይ ሐኪም ላከቻት፤ እሱም ረዳት። በየሁለት ሳምንቱ ወደ እሱ እየሄደች የልቧን ትነግረዋለች። በሌላው ቀን የመንደሩ ሴቶች ጥጥ ሊፈትሉ ሲሰበሰቡ ትቀመጣለች። አንዷ የራሷን ታወራለች፣ ሌላዋ የራሷን። ለካስ ሁሉም ቤት ነበረ።

ወንድሟ ግን ምንም አልጠየቃት፣ ምንም አልመከራት። ቀኑ መሸት ሲል ሁለት በርጩማ ያወጣል። አንዱ ላይ ተቀምጦ ገመድ ይገምዳል። ሌላው ላይ አንጓች ትቀመጣለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ሌሊትም በሩ አይቆለፍባትም።

ኅዳር ገባ። ንቦቹ አልኮበለሉም። ከአሥራ አንዱ ቀፎ አንድም አልጎደለም። ሰውየው ማር ቆረጠ፤ ያን ያህል ማር ከአባቱ ዘመን ወዲህ አይቶ አያውቅም። ወርቅ የመሰለ፣ የአደይ ማር። እንዳልተሳሳተ ያን ጊዜ እርግጠኛ ሆነ። ምርጡን ለይቶ በቅል ሞላና፣ አህያውን እየነዳ ሊያመጣት ሄደ።

ሲደርስ ቀኑ ዘቅዝቆ ነበር። አንጓችና ወንድሟ ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። ፊቷ ተመልሷል። እንዝርቷ ይሾራል። ወንድሟ ሲያየው ተነሳና በርጩማውን ለቀቀለት፤ ራሱ ገመዱን ይዞ ወደ ውስጥ ገባ። ሰውየው ተቀመጠ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ አመሻሽ ላይ ከሚስቱ ጋር ደጅ ተቀመጠ።

ማሩን ሰጣት። ተቆርጧል፣ እንሂድ አላት።

ማሩን በጣቷ ቀመሰችው፤ ጥሩ ነው አለችው። ንቦቹ ደህና እንደሆኑ ጠየቀችው። ደህና ናቸው አለ።

«ሚያዝያ ላይ ሲሞቃቸው ጥላ ትሠራላቸው ነበር» አለች።

«አዎ፣ ጥላና ውሃ።»

«ከቀፎው አፍ ወጥተው ሲንጠለጠሉስ? መልሰህ ብትዘጋባቸው ምናለ?»

ሰውየው ፈገግ አለ። የሚያውቀውን ነገር ነው የጠየቀችው።

«ሞቋት የወጣችን ንብ የሚዘጋባት ቂል ነው» አለ።

አንጓች እንዝርቷን አቆመች።

«እኔም እኮ ሞቆኝ ነበር የወጣሁት።»

ፀሐይዋ ጠለቀች፤ ሰውየው እዚያው ነበር።

በማግስቱ ብቻውን ተመለሰ። ሽማግሌ ላከ፤ አንዴ ሳይሆን ሦስት ጊዜ። ከሽማግሌዎቹ መካከል አንዱ እኔ ነበርኩ። የመናገር ተራው የእኔ ሲሆን፣ ባልሽ ተጸጽቷልና ይቅር በይው አልኳት። «ይቅር ብዬዋለሁ አባባ» አለችኝ። «የቀረሁት ተቆጥቼ አይደለም፤ እዚያ ቤት ስፈራ ብቻዬን ነበርኩ፤ ሁለተኛ እዚያ ልፈራ አልችልም።» ጋቢያችንን አደግድገን ተነሳን።

ሙቀቱ በሦስት በአራት ዓመት ለቀቃት። እንቅልፏ ተመለሰ። ሳቋም ተመለሰ፤ የሚሰማው ግን የሌላ መንደር ወንዝ ነው። ለዘመድ ሠርግና ለልጅ ልጆቹ ክርስትና ትመጣለች። ሰላም ትለዋለች፣ ጤናውን ትጠይቀዋለች፣ የንቦቹን ገበታ አይታ ጎድሎ ከሆነ ትሞላለች። ጥላው ሳይረዝም ትነሳና ትሄዳለች።

ሰውየው መወርወሪያውን ከበሩ ነቅሎ የቀፎ መደገፊያ አደረገው። ጎረቤቱ ጅብ ቢገባብህስ ሲለው፣ ይግባ አለ ይባላል። ንቦቹ ዛሬም አሉ። በዚያ ቤት የሚጮህ ሰው የለም። የአባቱ ሕግ አልተሰበረም።

እንግዲህ ጠይቀኸኝ ነበር፣ ልጄ።

አንተ ንብ የለህም፤ በሬ ነው ያለህ። ያ ሰው ግን አንተ ነህ። ሚስትህ የሚያዝያ ቀፎ ናት። ቁጣዋ አንተን መጥላት አይደለም። እንቅልፍ አጥታ በር የምትከፍተውም ልትሄድ አይደለም። ሞቋታል፣ ፈርታለችም፤ ወጥታ ከደጃፉ ላይ ተንጠልጥላለች። ሁለት ነገር ማድረግ ትችላለህ፤ መዝጋት ትችላለህ፣ ጥላ መሥራት ትችላለህ። መስደድ መዝጋት ነው፤ ከውጭ በኩል ይሁን እንጂ ያው መዝጋት ነው።

እስክትሻላት ትሂድ ብለኸኛል። መሻሉንስ ይሻላታል። እኔ የፈራሁት ከሌላ ሰው ጋር ተቀምጣ እንዳይሻላት ነው። ያን ጊዜ የሻላትን ሴት አህያ ጭነህ ብትሄድ አታመጣትም። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

አሁን ብትነሳ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤትህ ትደርሳለህ። በርጩማ አውጣ። ና ተቀመጥ ስትልህ ሰው ያየኛል አትበል። አትምከራት፤ ዝም ብለህ ስማት። ሰኞ ጤና ጣቢያ ውሰዳት፤ ደጅ ቆመህ አትጠብቅ፣ አብረሃት ግባ።

መጀመሪያ ግን አህያውን ለባለቤቱ መልስ።